ማክሰኞ ያመለጠው

አሰለፈች ናዝሬት ከተማ ባለ አንድ የመንግሥት እርሻ ጽሕፈት ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አንዱን ገመድ እየነቀለች ሌላውን ስትሰካ ኖራለች። አዋሽ ዳር ያሉት የካምፕ ሠራተኞች መልኳን ሳያውቁ በድምፅዋ ያውቋታል፤ «አሱዬ፣ እንደምን አደርሽ?» ሳይሉ ጉዳያቸውን አይጀምሩም። ሥራዋን ትወደው ነበር። አንድ ክፉ ነገር ብቻ አለው፤ ተተኪ የለውም። እሷ ከወንበሩ ከተነሣች ስልኩ ይጮኻል እንጂ የሚያነሣው ሰው የለም።

ዕድሜዋ አርባ አራት ነው። አራት ወልዳ ሦስቱን አሳድጋለች፤ ከቤት የቀረችው የመጨረሻዋ ሴት ልጅ ብቻ ናት። ባሏ አብተው ባቡር ጣቢያ መካኒክ ነው፤ ነገር የማያበዛ፣ ሲከፋውም ሲደሰትም ዝም የሚል ሰው።

ጣጣው የጀመረው በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከካምፕ የመጣ ጥሪ እያገናኘች ሳለ ሽንቷ መጣ። ሽንት እንደ ወጉ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ይኼኛው ግን ከኋላ እንደሚገፈትር ሰው በአንድ ጊዜ ገፋት። ገመዱን ጥላ ሮጠች። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ ከጋራዡ ማዶ ነው። ደርሳ ስትቀመጥ የወጣው አንዲት ስኒ እንኳ የሚሞላ አልነበረም። «ለዚህች ነው እንዲህ ያስሮጠኝ?» አለች ለራሷ። ገና ተመልሳ ሳትቀመጥ እንደገና ገፋት።

ከዚያ ወዲህ የአሰለፈች ኑሮ በመጸዳጃ ቤት ርቀት የሚለካ ሆነ። በየግማሽ ሰዓቱ፣ አንዳንዴም በየሩብ ሰዓቱ ይመጣባታል። ውኃ ከቧንቧ ሲወርድ ከሰማች ይመጣል። ከሥራ ተመልሳ ቁልፉን በሯ ላይ ስትሰካ ይመጣል፤ በሩ እስኪከፈት አይጠብቃትም። ከጥቁር ቀሚስ በቀር መልበስ ተወች። ከውስጥ አሮጌ ነጠላ ቀድዳ አጥፋ ታደርጋለች፤ በቦርሳዋ ሌላ ሁለት ትይዛለች። ያም ሆኖ ሸተትኩ አልሸተትኩ እያለች ስትሳቀቅ ትውላለች። ውኃ መጠጣት አቆመች። በዚያ በናዝሬት ሙቀት፣ ነፋሱ አቧራ እየዘራ ከንፈር በሚሰነጥቅበት ወቅት፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጥታ ትውላለች። ሽንቷ ግን አልቀነሰም። ጠቆረ፣ አቃጠላት፣ እንዲያውም ባሰባት።

ለቅሶ ቤት መሄድ ተወች። በዚህ አገር ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ጎረቤቷ ዘርፉ ወንድሟ ሞቶ ሦስት ቀን ድንኳን ስትቀመጥ አሰለፈች ብቅ ብላ፣ ቆማ አልቅሳ፣ ሳትቀመጥ ወጣች። ዘርፉ ከዚያ በኋላ ሰላምታዋን ነፈገቻት። አሰለፈች አልፈረደችባትም።

ከሁሉ የከፋው የእሑዱ የቀበሌ ስብሰባ ነው። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ይጀመራል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ በሩ ላይ ይቆማል። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ወጣ ገባ ያለ ሰው ደግሞ ከቀረው የባሰ ዓይን ውስጥ ይገባል። አንድ እሑድ ሁለት ጊዜ አስፈቅዳ ወጣች። ለሦስተኛ ጊዜ እጇን ስታነሣ በሩ ላይ የቆመው ሰንበታ የሚባል ወጣት፣ «እማማ፣ ለማን ነው ወሬ የምታደርሱት?» አለና ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እጇን አወረደች። ጥርሷን ነክሳ፣ እግሯን አጠላልፋ ተቀመጠች። ስብሰባው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሙቀቱ በጭኗ ሲወርድ ተሰማት። መፈክር ለማሰማት ሁሉም ብድግ ሲል እሷ አልተነሣችም። አዳራሹ ባዶ እስኪሆን ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ቆየች።

ሕክምና አልሞከረችም ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሄደችበት አንድ የመርፌ ቤት ድሬሰር፣ «ብርድ ነው የመታሽ» ብሎ ዐሥር መርፌ አዘዘላት። ዐሥሩንም ተወጋች፤ ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛው ሐኪም ቀና ብሎ ሳያያት፣ «ይህ ከባልሽ የመጣ በሽታ ነው። እሱንም ይዘሽው ነይ» አላት። ወረቀቱን ተቀብላ ወጣችና መንገድ ላይ ቀደደችው። ለአብተው ምን ብላ ትነግረዋለች? አብተው እንዲህ ያለ ነገር ይቅርና ስድብ እንኳ ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው። እሷም ማታ ማታ ሦስትና አራት ጊዜ መነሣቷን እንዳያይባት፣ አንሶላውም እንዳያጋልጣት፣ «ልጅቷ ብቻዋን ስትተኛ ትባንናለች» ብላ ወደ ልጇ አልጋ ተዛወረች። አብተው ለምን አላለም። ፊቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨለመ።

በ1970 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ሽንቷ ሲያቃጥላት ጊዜ ጨክና ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ የነበረው ጤና መኮንን ገመዳ ይባላል፤ አምሳን ያለፈ፣ ጠጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ የአርሲ ሰው። ሰው ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። ወረፋው ረጅም ነበር፤ እሷ ስድስት ጊዜ ተነሥታ ወጣች፣ ስድስት ጊዜም ወረፋዋ አለፈ። በመጨረሻ እሱ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንቺ እኅቴ፣ ነይ ግቢ። ከጠዋት ጀምሮ እያየሁሽ ነው» አላት።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ብርድ ነው» አለች።

«ብርድ የሚለውን እኔ ልወቀው። አንቺ የሚሆንሽን ንገሪኝ።»

አሰለፈች አፏ አልከፈት አላት። ቃሉን ሳትጠራ ልትነግረው ሞከረች፤ «ውኃ… ውኃዬን… መያዝ አልችልም» አለች። ገመዳ አልሳቀም፣ አልተጣደፈም። ስንት እንደወለደች፣ ከምጥ በስንት በስንት ቀኗ እንደተገላገለች፣ ስትስል ወይም ስትስቅ ያመልጣት እንደሆነ፣ ከማምለጡ በፊት ያጣድፋት እንደሆነ፣ ደም አይታ እንደሆነ፣ እግሯን ይደነዝዛት እንደሆነ ጠየቃት። በቀን ምን ያህል ውኃ፣ ስንት ስኒ ቡና፣ ስንት ብርጭቆ ሻይ እንደምትጠጣ ጠየቃት። መኝታውን በመጋረጃ ጋርዶ፣ ነርሷን ጠርቶ መረመራት። ሽንቷን በጠርሙስ ተቀበለና ራሱ አጉሊ መነጽር ሥር አየው፤ አሙቆም ስኳር እንዳለው ፈተነው።

«መግል የለውም፣ ስኳርም የለውም» አለ ተመልሶ ሲቀመጥ። «የሚያቃጥልሽ ውኃ ስለተውሽ ነው። እኅቴ፣ ይህ ያባለዘር በሽታ አይደለም። እርግማንም አይደለም። የሽንት ፊኛ ጡንቻ ነው፤ ሞልቶ ተጨመቅ ሲባል ነው መጨመቅ ያለበት። ያንቺ ሳይሞላ ይጨመቃል። ቁጡ ሆኗል። አንቺም እሱ በተቆጣሽ ቁጥር እየሮጥሽ ስለታዘዝሽው ጭራሽ ጌታ ሆነብሽ።»

አሰለፈች አለቀሰች። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም ሰው «ይህ አይደለም» ብሏት አያውቅም።

«ይድናል?»

«ይሻላል። ጊዜ ይፈልጋል፤ የምሰጥሽ መርፌ የለኝም። ከሁሉ በፊት ግን ልኩን ማወቅ አለብኝ። ደብተር ግዢ። ሳምንት ሙሉ፣ በመጣብሽ ቁጥር ሰዓቱን ጻፊ። ያዝሽው እንደሆነ ያዝኩ በይ፣ ካመለጠሽ አመለጠ በይ። በጣሳ እየለካሽ ሩብ ወይም ግማሽ መሆኑን ምልክት አድርጊ።» ጥቂት አሰበና፣ «ሽንት የሚለውን ቃል መጻፍ ካሳፈረሽ ተዪው። እኔ ይገባኛል» አላት።

ይህ የመጨረሻው ቃሉ በደግነት የተነገረ ነበር። ብዙ መዘዝ ያመጣባት ግን እሱ ሆነ።

ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ገዛች። ሽንት የሚለውን ቃል አንድም ቦታ አልጻፈችም። መጣደፉን «ጥሪ» ብላ ሰየመችው፤ ለስልክ ኦፕሬተር ቀድሞ የሚመጣው ቃል እሱ ነው። «ሰኞ፣ 2፡10፣ ጥሪ፣ ያዝኩ፣ ሩ። 2፡35፣ ጥሪ፣ አመለጠ።» ሥራ ላይ ሆና ስትጽፍ ብቻዋን ያልሆነች ይመስላት ጀመር። መጠኑ በቁጥር ሲቀመጥ የፈራችውን ያህል አልነበረም። ሳምንቱ ካለፈም በኋላ መጻፏን አልተወችም።

በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት ጠዋት፣ ከጽሕፈት ቤቱ በስተጀርባ ባለው ሠፈር አሰሳ ነበር። ሲፈለጉ የነበሩ ሁለት ወጣቶች በጓሮ ዘለው ጠፉ ተባለ። አስቀድሞ ወሬ ያደረሳቸው ሰው አለ ተባለ። በማግሥቱ የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ፍተሻ ቆመና የሁሉም ሰው ቦርሳ ተገለበጠ። የአሰለፈች ቦርሳ ሲገለበጥ የታጠፈው ጨርቅ፣ ትንሿ ጣሳና ሰማያዊው ደብተር ጠረጴዛው ላይ ወደቁ።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ሙሉብርሃን ደብተሩን አነሣ። የመጀመሪያ ልጇ እኩያ ነው። አንድ ገጽ አነበበ፣ ሌላ ገጽ አነበበ፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ወደ ቢሮ አስገቧት። አራት ወንዶች ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጡ።

«ጓድ አሰለፈች፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ደብተር ነው።»

«ደብተር መሆኑን አያለሁ። ‹ማክሰኞ፣ 3፡40፣ አመለጠ።› ማነው ማክሰኞ ያመለጠው?»

አሰሳው በስንት ሰዓት እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባት።

«ማንም አላመለጠም።»

«በእጅሽ ጽፈሽዋል እኮ! ‹4፡15፣ ጥሪ፣ ያዝኩ።› የማንን ጥሪ ነው የምትይዢው? የቀበሌውን ሊቀመንበር ነው? ‹ሩ› የሚባለው ማነው? ‹ግ›ስ?»

«ሩብ… ግማሽ ማለት ነው።»

«የምን ሩብ?»

አራቱም አዩዋት። አንደኛው የደመወዝ ከፋዩ ነው፣ ሁልጊዜ እጅ ነሥቶ የሚያልፋት ሽማግሌ። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጣ። አልወጣም። ቢገድሉኝ ይሻላል አለች በልቧ፣ ደግሞም የምሯን ነበር።

«የግል ጉዳዬ ነው» አለች።

በዚያ ዘመን ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም። ሙሉብርሃን ደብተሩን ዘጋና ኪሱ ከተተው። ከቀትር በፊት ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷት።

እስር ቤቱ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ስምንት ሰው ይዟል፤ መስኮት የለውም። ወደ ውጭ የሚወጣው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። አሰለፈች ይህን ስትሰማ ስለ ሙሉብርሃንም፣ ስለ ደብተሩም፣ ነገ ስለሚመጣውም ማሰብ ተወች። ያላት አንድ ሐሳብ ብቻ ሆነ፤ እስከ ማታ እንዴት ነው የምቆየው?

በሩን አንኳኳች። ዘበኛዋ ቀመሪያ የምትባል ሠላሳ ዓመት የሚሆናት አብዮት ጠባቂ ናት፤ ፊቷ የማይፈታ፣ ጠመንጃዋ ከራሷ የሚረዝም። አወጣቻት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና አንኳኳች፣ እንደገና አወጣቻት። በአራተኛው ላይ ቀመሪያ በሩን ሳትከፍት፣ «ትጫወቺብኛለሽ? የአጥር መዝለያ ቦታ እየመረጥሽ እንደሆነ አላውቅም? ከእንግዲህ እስከ ማታ አትወጪም!» አለቻት።

«እኅቴ በናትሽ! በልጆችሽ!»

«ልጆቼን አትጥሪ!»

አሰለፈች በሩ ላይ ግንባሯን ደግፋ ቆመች። ቆጠረች፣ ጸለየች፣ ጣቶቿን ነከሰች። ከዚያም ሆነ። በስምንት ሴቶች ፊት፣ በሲሚንቶው ላይ፣ እስከ በሩ ሥር ድረስ ፈሰሰ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዷ ተነሥታ ጋቢዋን አለበሰቻት። ውኃው በበሩ ሥር አልፎ ወደ ውጭ ሲወጣ ቀመሪያ አየችው። በሩ ተከፈተ። ቀመሪያ አሰለፈችን አየቻት፣ ወለሉን አየችው።

«እትዬ» አለች በመጨረሻ፤ «እኔ እኮ የምታመልጪ መስሎኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ ባንኳኳች ቁጥር ከፈተችላት።

በሦስተኛው ቀን ከኮሚቴው ፊት አቀረቧት። የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ሙሉብርሃንና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ግድግዳው ሥር ደግሞ ጤና መኮንኑ ገመዳ ቆሟል። ፈልጎ ያመጣው አብተው ነበር። አሰለፈች ከመታሰሯ በፊት ጤና ጣቢያ እንደሄደች ከልጃቸው ሰምቶ፣ ስንቅ ይዞ ሲመጣ አሳሪዎቹን ለመለመን ድፍረት ስላጣ፣ በእግሩ ሄዶ ገመዳን ለመነ። ገመዳ የሕክምና ካርዷን ይዞ መጣ፤ መምጣት አይገደድም ነበር።

«የሽንቷን ሰዓት በደብተር እንድትጽፍ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለ ገመዳ። «ያዝኩና አመለጠ እያለች እንድትጽፍ የነገርኳትም እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የኔ ነው።»

«ታዲያ አንተም ውስጡ አለህበት!» አለ ሙሉብርሃን። «ለምንድን ነው ስሙን ያልጻፈችው?»

«ያሳፍራል ብዬ ነው። ተሳሳትኩ።»

«ሽንት በሰዓት መመዝገብ ሕክምና ነው?» አለና አንዱ ኮሚቴ ሳቀ።

«የወባ ትኩሳት ይለካ የለም? ይህም ልኬት ነው። የዚህች ሴት ፊኛ ታምሟል። ካርዷ ላይ ቀኑና ምርመራው ተጽፏል፤ ከማክሰኞው አሰሳ በፊት ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ።»

ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ብዙ አልገባቸውም። ያን ጊዜ በሩ ላይ የቆመችው ቀመሪያ ሳትጠየቅ ተናገረች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ትናንት ብቻ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ አውጥቻታለሁ። በዓይኔ አይቻለሁ። ይህች ሴት እንኳን ሰው ልታስመልጥ፣ ሽንቷን ደጅ እንኳ አታደርሰውም። በሽታ ነው።»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አነሣ። ሙሉብርሃን ግን እጁን ያዘው። «ራሷ ትናገር። ማክሰኞ ምን እንዳመለጠ ከአፏ እንስማ።»

አሰለፈች ገመዳን አየች፤ እሱ ወለሉን ያያል። ቀመሪያን አየች። ከዚያ ሙሉብርሃንን ፊት ለፊት ተመለከተችው።

«ሽንቴ ነው» አለች። ድምፅዋ ያ ካምፑ ሁሉ የሚያውቀው ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። «ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ከአርባ ያመለጠኝ ሽንቴ ነው። ረቡዕም አምልጦኛል። አሁን፣ እዚህ ቆሜም፣ እያመለጠኝ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ ፈረመና ሂጂ አላት።

አብተው ከበሩ ውጭ የስንቁን ሳህን ይዞ ቆሞ ነበር። በጋሪ አሳፈራት። ቤት ገብተው በሩን ከዘጋ በኋላ ነው፣ «አሱ፣ ዓመት ሙሉ እኮ ሌላ ሰው ያለሽ መስሎኝ ነበር» ያላት።

«ሌላ ሰው?» አለች። ዐሥራ ሁለት የነጠላ ቁራጭ ቀን ከሌት የምታጥብ ሴት ሌላ ሰው! ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ሲመጣ ደግሞ ያም አብሮ መጣ። እየሳቀች አለቀሰች። አብተው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆመ፤ ከዚያ ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ክዳን ያለው የኢናሜል ፖፖ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ከድሮው አልጋቸው ሥር፣ በሷ በኩል አስቀመጠው። እሷም የዚያን ዕለት ወደ አልጋዋ ተመለሰች።

ስልኩ ላይ ግን አልመለሷትም። «ለደኅንነት ሲባል» ተባለ፤ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት፣ በሷ ቦታ ሌላ ልጅ አስገቡ። ወሬው ከሷ ቀድሞ ግቢውን አዳርሶት ነበር። የጋራዡ ሠራተኞች እሷ ስታልፍ «አመለጠ!» ይባባላሉ። ለጥቂት ሳምንት ያህል ከመዝገብ ቤቱ ሳትወጣ መዋል ሞከረች፤ ቀኑ ሲመሽላት ተመስገን ትላለች። የሚናፍቃት ካምፑ ነው፤ «አሱዬ፣ እንደምን አደርሽ?» የሚላት ሰው የለም።

ወደ ገመዳ ተመልሳ ሄደች። ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷ ግን፣ «ይተዉት ዶክተር፣ ቀጣዩን ይንገሩኝ» አለችው። ነገራት። በቀን ስድስት ብርጭቆ ውኃ፣ ፈርታም ቢሆን፤ ቡናና ሻይ መተው። ጥሪው ሲመጣ አለመሮጥ፤ መሮጥ ያነሣሣዋል። ባሉበት ቁጭ ብሎ ሽንት የሚያቆመውን ጡንቻ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ እያደረጉ ግፊቱ እስኪያልፍ መጠበቅ፤ ካለፈ በኋላ ቀስ ብሎ መራመድ። በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ መጨመር። የመጀመሪያው ወር ሲኦል ነበር። ያመለጣት ቀን ካላመለጣት ቀን ይበልጣል። አንዳንዴ ፋይሎቹ መካከል ተቀምጣ በእጇ መደርደሪያውን ጨብጣ፣ ከራሷ ሰውነት ጋር ስትታገል ላብ ያጠምቃታል። ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጣ ተወችው፤ ሁለት ጊዜም ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሰች። በነሐሴ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ መቆየት ቻለች። ሌሊትም ሦስቱ ወደ ሁለት ወረደ። አልዳነችም፤ ግን የዘርፉ ልጅ ስትወልድ ሄዳ ተቀምጣ ጠየቀቻት፤ ዘርፉም ትራስ አቀበለቻት።

በመስከረም ገመዳ ወደ አርሲ ነገሌ ተዛወረ። ለምን እንደተዛወረ የሚያውቅ የለም፤ አሰለፈች የገመተችውን ለማንም አልተናገረችም። በምትኩ የመጣው ወጣት ካርዷን ሳይገልጥ፣ «ብርድ ነው» ብሎ መርፌ ጻፈላት። በዚያው ሰሞን፣ የናዝሬት ነፋስ እንደገና ሲነሣ፣ የያዘችው ሁሉ መፈታት ጀመረ። ከሰዓት ከሩብ ወደ አርባ ደቂቃ፣ ከአርባ ወደ ግማሽ ሰዓት ተመለሰ። ሁሉም ከንቱ ሆነ ብላ አንድ ሳምንት ያህል ተኛች። አብተው ነው የአውቶቡሱን ትኬት ቆርጦ ያመጣላት። «ወደ ነገሌ ሂጂ» አላት። «ሰውዬው አንቺን ያውቅሻል።»

ዓመት ተኩል በአውቶቡስ ሄዳ አታውቅም። በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሞጆን አልፎ ቆቃን ጨርሶ ወደ መቂ ሲያዘግም መጣባት። አልተነሣችም። ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ጨበጥ፣ ለቀቅ። አለፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከፊተኛው ብሶ መጣ፤ ጨበጠች፣ ላብ አጠመቃት፣ መስኮቱን አየች፣ ግራሮቹን ቆጠረች። አላልፍ አለ። ስልሳ ሰው ተሳፍሯል። ረዳቱ ወጣት ነው፤ ሹፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል።

«ሹፌር!» አለች።

አልሰማም። ብድግ አለች።

«ሹፌር፣ ወንድሜ፣ አቁምልኝ! ሽንቴን ልሽና!»

ሬዲዮው ተዘጋ። ከኋላ አንድ ሰው ፈንድቶ ሳቀ፤ አንዲት ሴት ደግሞ፣ «ምን ያስቃል? እናት የለህም?» ብላ ገሠጸችው። ሹፌሩ በመስታወቱ አያትና አቧራውን እያስነሣ ዳር ያዘ። አሰለፈች ደረጃውን ስትወርድ ጥቂት አምልጧታል፤ የቀረውን ግን ቁጥቋጦው ድረስ ይዛው ሄደች። ተቀምጣ ሳለች ከኋላዋ የነጠላ ኮሽታ ሰማች። ሁለት ሴቶች ወርደዋል፤ አንደኛዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ በምርኩዝ።

«እሰይ የኔ ልጅ» አሉ አሮጊቷ ጎንበስ እያሉ፤ «ከሞጆ ጀምሮ ይዤ ሞቻለሁ እኮ። ማን ደፍሮ ይናገር።»

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። አሰለፈች አሮጊቷን በክንዳቸው ደግፋ አነሣቻቸውና ሦስቱም በዝግታ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። የቀሚሷ ጠርዝ ርሷል። ወንበሯ ላይ ነጠላዋን አጥፋ አነጠፈችና ተቀመጠች። ከፊታቸው ገና መቂ፣ ገና ዝዋይ፣ ገና ብዙ መንገድ ነበር።